ጭንቅላት የሌለው ዓሣ

ዓሣ መግዛት የሚያውቅ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የዓሣውን ዓይን ያያል። ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ቀጥሎ ስንጥቡን ገለጥ አድርጎ ቅላቱን ያያል። ሥጋውን በጣቱ ጫን አድርጎ ተመልሶ መሙላቱን ይጠብቃል። በመጨረሻ ያሸትተዋል። «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አለቃ ወይም ስለ ባለሥልጣን ስናወራ ነው። ዓሣ ገበያ ውስጥ ግን ሰው በቀጥታ ይሠራበታል።

በረዶ ሆኖ በሚሸጥ ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንቱ ወጥቶ በተዘጋጀ የዓሣ ሥጋ ላይ፣ ይህ ሁሉ አይሠራም። አናቱ ፋብሪካው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ዓይን የለም፣ ስንጥብ የለም፣ ብዙ ጊዜ ቆዳም የለም። በረዶ ስለሆነ ጣት አይገባበትም። ሽታውም ታፍኗል። በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ ነገር ነው። ጥሩውም መጥፎውም አንድ ይመስላሉ።

እኔ የምሠራው እዚህ ቨርጂኒያ፣ ዓሣ ከውጭ አስመጥቶ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ሰነድና ጥራት የኔ ድርሻ ናቸው። የፋብሪካ ወረቀት አነባለሁ፣ ኮንቴይነር ሲከፈት ቴርሞሜትር ይዤ እቆማለሁ፣ ከትራንዚተሩ ጋር ስልክ ላይ እውላለሁ። ስለ ሥራዬ ሳወራ ወገኖቼ ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፍሪዘር ውስጥ ያለ ነገር ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ብዙ ነገር ይሆናል። ብርድ ያቆያል እንጂ አያድንም። የተበላሸ ዓሣ ቢቀዘቅዝ፣ የቀዘቀዘ የተበላሸ ዓሣ ነው የሚሆነው። የባሰው ነገር ደግሞ መበላሸቱ ከዚያ በኋላ አለመታየቱ ነው።

ዓሣ በረዶ መሆን የሚጀምረው ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። በውስጡ ካለው ውሃ አብዛኛው የሚረጋው ከ−1 እስከ −5 ዲግሪ ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ጥሩ ፋብሪካ ይህችን ርቀት በጥድፊያ ያልፋታል። ኃይለኛ ቀዝቃዛ ነፋስ እያስነፋ፣ የፊሌቶው መሐል −18 እስኪደርስ ድረስ ሥራው አለቀ አይልም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቀስ እያለ በቀዘቀዘ ዓሣ ውስጥ ግን የበረዶ ቅንጣቶቹ ትልልቅ ይሆናሉ። ሥጋውን ከውስጥ ይቀዳድዱታል። ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል፣ መጥበሻ ላይ ይበታተናል። መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ዓሣም የሚደርስበት ይኸው ነው።

ባክቴሪያውስ? አብዛኛው አይሞትም፣ ይተኛል። ሙቀት ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል። ለብርድ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም፤ ጥገኛ ትሎችን ይገድላል። ጥሬውን ለሚበላ ዓሣ −20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይቆይ የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ አልፎ ብርድን እንደ መድኃኒት ማየት ግን ስህተት ነው።

ቱናን፣ ማኬሬልንና ማሂማሂን ውሰዱ። እነዚህ ዓሦች ከተጠመዱ በኋላ ሙቀት ላይ ከቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይጠራቀማል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ብዙው ሰው አለርጂ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ በማቀዝቀዝም በመጥበስም አይጠፋም። ጀልባው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በረዶ ካልተደረገበት፣ ከዚያ በኋላ ፋብሪካውም፣ መርከቡም፣ እኔም፣ ወጥ ቤቷም ምንም ማድረግ አንችልም።

ቀለሙም ቢሆን እርግጠኛ ምልክት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት የተጣራ ጭስ የታከመ ቱና ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ሥጋው ቢያረጅም ቅላቱ አይለቅም። አሜሪካ መለያው ላይ ይጻፍ እንጂ ትፈቅዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ከልክሎታል። እኔ በዚህ ነገር ከአውሮፓውያኑ ጋር ነኝ። አናቱ የተቆረጠ ዓሣ የሚገዛ ሰው የቀረችው ምልክት ቀለም ብቻ ናት። እሷን ደግሞ መውሰድ ደንበኛን ዓይኑን ጨፍኖ ግዛ ማለት ነው።

እንግዲህ አናቱ ላይ ይነበብ የነበረው ሁሉ ወደ ወረቀት ተዛውሯል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ለዓሣ ሃሳፕ የሚባለውን አሠራር ግዴታ ያደረገበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ያለቀውን ዕቃ እያገላበጡ መጥፎውን ከመልቀም፣ አደጋ የሚገባበትን በር አስቀድሞ ለይቶ እዚያው መቆም። ከዚያ በሩ ላይ ያዩትን መጻፍ።

የደንቡን አንድ ክፍል በጣም እወደዋለሁ። አስመጪ የሚባለው ዕቃው አሜሪካ ሲገባ ባለቤቱ ወይም ተቀባዩ የሆነው ነው ይላል። ቀጥሎ ባብዛኛው ትራንዚተሩም፣ አስተላላፊውም፣ አጓጓዡም አስመጪ እንደማይባሉ ይጠቅሳል። በዓሣ ንግድ ውስጥ ጣት መቀሳሰር ቀላል ነው። ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ መርከቡ ሄዷል፣ ሹፌሩ ሌላ ጭነት ላይ ነው። ሕጉ ይህን አውቆ ተጠያቂነቱን ዓሣውን የኔ ነው ባለው ሰው ላይ ጥሎታል። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው እሱ ነውና።

አስመጪው የሚገዛው ዓሣ ምን ማሟላት እንዳለበት በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ፋብሪካው በደንቡ መሠረት መሥራቱንም ማረጋገጥ አለበት። መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። የዚያን ጭነት የቁጥጥር መዝገብ ማስላክ፣ ከላኪው አገር መንግሥት ሰርተፊኬት መቀበል፣ ፋብሪካውን ሄዶ ማየት፣ ወይም የፋብሪካውን የሃሳፕ ዕቅድ ከዋስትና ደብዳቤ ጋር ፋይል ማድረግ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ርካሹ ነው። ፒዲኤፉ በኢሜይል ይመጣል፣ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ማንም አላነበበውም።

እኔ ዕቅድ ብቻ አይበቃኝም። የአንድ ቀን መዝገብ ላኩልኝ እላለሁ፤ ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ የማቀዝቀዣ ማሽኑ አየር ጠዋት −38፣ ረፋድ ላይ −38፣ ከምሳ በኋላ −38፣ ማታም −38 ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ትንፋሽ ከተጻፈ፣ ማሽኑ ጋ የሄደ ሰው የለም ማለት ነው። እውነተኛ መዝገብ ከፍ ዝቅ ይላል። −36 ይኖረዋል፣ −39 ይኖረዋል። ምሳ ሰዓት ላይ −31 ደርሶ ተረኛው በሩ በደንብ እንዳልተዘጋ ያየበት፣ የዚያን ሰዓት ዓሣ ለብቻ ያስቀመጠበት መስመር ይኖረዋል። እጅ ጽሑፉ ይለያያል። ውሃ የነካው ጥግ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ ልቤ ያርፋል። ችግር የጻፈ ፋብሪካ ችግር ሲመጣ የሚያይ ሰው አለው።

አንድ አበሻ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ያህል ስጨቀጭቅ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይለኛል። ዘንዶው ካለ ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት ቢወጣ ይሻለኛል።

አብዝተን የምናስመጣው ባሳን ነው። ከቬትናም፣ ከሜኮንግ ዴልታ ኩሬዎች የሚመጣ ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ ነው። ዋጋው ረከስ ያለ፣ አጥንቱ የወጣለት፣ ጣዕሙ ለዘብ ያለ። የኛው አምባዛ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ወገናቸው በእንግሊዝኛ ካትፊሽ ይባላል። እዚህ አገር የባሳን ያህል ሕግ የተከመረበት ፊሌቶ አላውቅም። እ.ኤ.አ. የ2002 የእርሻ ሕግ ካትፊሽ የሚለውን ስም ለሰሜን አሜሪካው ወገን ብቻ ከለለው። በ2003 በቬትናሙ ፊሌቶ ላይ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ፣ ማለትም ከተገቢው ዋጋ በታች ተሽጧል በሚል የሚጫን ቀረጥ፣ ተጣለ። ቀጥሎ ቁጥጥሩ ራሱ ከኤፍዲኤ ወጥቶ ሥጋና ዶሮ ወደሚመረምረው የግብርና ሚኒስቴር ክፍል ተዛወረ። ደንቡ በ2015 መጨረሻ ወጣ፣ በማርች 2016 ተጀመረ፣ የሽግግሩ ጊዜ በ2017 አበቃ። የቬትናም የቁጥጥር ሥርዓት ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ተብሎ የጸደቀው በ2019 ነው።

በሥራ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? ከአንድ ፋብሪካ ቲላፒያና ባሳ በአንድ ኮንቴይነር ቢመጡ በሁለት መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። ለቲላፒያው መርከቡ ወደብ ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት በፊት ለኤፍዲኤ ቅድመ ማስታወቂያ ይላካል። ከዚያ ተቆጣጣሪ ሊያየውም ላያየውም ይችላል። ባሳው ግን የአገሩን መንግሥት የምርመራ ሰርተፊኬት ይዞ መጥቶ፣ ለዚሁ ሥራ በተፈቀደ መጋዘን ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ይጠብቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ምልክት ሰርተፊኬቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጭነቱ ሊቆም ይችላል። ዓሣው ምንም ሳይሆን፣ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ምክንያት የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ለቆየበት የሚከፈል) ይቆጥራል። ስለዚህ ካርቶኑ ከመታተሙ በፊት የመለያውን ፎቶ አስልኬ ከሰርተፊኬቱ ረቂቅ ጋር ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። አሰልቺ ነው። ያለሱ ግን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ለጤና ሳይሆን ለሚሲሲፒና ለአላባማ ዓሣ አርቢዎች ጥበቃ ተብሎ ነው የሚሉ አሉ። ፖለቲካው መኖሩን አልክድም። ግን ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ማላካይት ግሪን የሚባለው ቀለምና ናይትሮፉራን የተባሉት መድኃኒቶች ለምግብ በሚረባ ዓሣ ላይ እንዳይውሉ የተከለከሉት አለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤፍዲኤ ከቻይና የሚመጡ የተወሰኑ የእርባታ ዓሦች ንጽሕናቸው እስኪረጋገጥ በር ላይ እንዲቆሙ ያዘዘው በእንዲህ ያሉ ቅሪቶች የተነሳ ነው። ኩሬ ውስጥ የተጨመረ መድኃኒት በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ በብርድም አይጠፋም። ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚያገኘው።

የኛ ሰው ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። «ቅርፊት አለው?» ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበላ አበሻ ብዙ ነው። አገር ቤት አምባዛን የማይነካ ስንት ቤት አለ። ባሳም ቅርፊት የለውም። ፊሌቶ ከሆነ በኋላ ግን ከሌላው ነጭ ዓሣ ለመለየት የለመደ ዓይን ይፈልጋል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ለኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ ለሚፈቀድ ምግብ፣ በሚዘጋጅ ፊሌቶ ላይ ቅርፊት ያለባት ቁራጭ ቆዳ ሳትገፈፍ ትቀራለች። ያቺ ቁራጭ ቆዳ ለኔ ከብዙ ሰርተፊኬት ትበልጣለች። እዚህ ያ ልማድ በሁሉም ካርቶን ላይ የለም፤ ያለው መለያው ነው። ስለዚህ ባሳን በሌላ ስም ሜኑ ላይ የሚያወጣ ሰው ሕግ ብቻ አይደለም የሚጥሰው፣ የሰው ሃይማኖት ውስጥ እጁን ይከታል። እኔ ለሚጠይቁኝ እናቶች ሁሉ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ። ቅርፊት ከፈለጉ ቲላፒያ ይውሰዱ።

ስለ ውሃ ደግሞ እናውራ። ፊሌቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ስስ የበረዶ ልባስ ይደረግለታል። ለበጎ ነው፤ ሥጋው አየር ነክቶት እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ልባሱ የለቀቀበት ቦታ ነጭ ሆኖ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ይኮመታተራል። ችግሩ ልባሱ ሲወፍር ነው። ዓሣ ብለህ የምትከፍለው ለውሃ ይሆናል። ሕጉ ግልጽ ነው። የተጣራ ክብደት የሚባለው ከልባሱ ውጭ ያለው የዓሣው ክብደት ነው።

ፈተናው ማንም ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። ከረጢቱን ከፍቼ ፊሌቶዎቹን እመዝናለሁ፤ 1000 ግራም እንበል። ወንፊት ላይ አድርጌ ቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ እረጫለሁ። በጣቴ እየዳሰስኩ የሚያንሸራትተው በረዶ ሲያልቅና ሻካራው ሥጋ ሲሰማኝ አቆማለሁ። ሥጋው ራሱ መቅለጥ የለበትም። አጠንፍፌ እንደገና እመዝናለሁ። 800 ከሆነ ከአምስት አንዱ እጅ ውሃ ነበር።

አሁን ሁለት ሻጮች በጠቅላላው ክብደት ዋጋ ሰጡ እንበል። አንዱ በኪሎ 2 ዶላር፣ ልባሱ 20 ከመቶ። ሌላው 1.80፣ ልባሱ 30 ከመቶ። የመጀመሪያው ዓሣ በእውነት 2.50 ነው። «ርካሹ» ደግሞ 2.57። ለዚህ ነው ዋጋ ሲመጣልኝ መጀመሪያ በተጣራ ነው ወይስ ከነልባሱ ብዬ የምጠይቀው። ያልጠየቀ ሰው ከውቅያኖስ ማዶ ውሃ እያስጫነ ነው።

ኮንቴይነሩ ላይ እንምጣ። ሪፈር ኮንቴይነር ትልቅ ፍሪዘር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ሪፈር የቀዘቀዘውን ባለበት ለማቆየት ነው የተሠራው፣ ለማቀዝቀዝ አቅም የለውም። ቀዝቃዛው አየር ወለሉ ላይ ባሉት ሐዲድ መሰል ቦዮች ይወጣል፣ ጭነቱን ዙሪያውን ይከባል፣ በጣሪያው ሥር ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መስመር ከዚያ በላይ አትጫኑ የሚለው የመመለሻ መንገዱ እንዳይዘጋ ነው። ፋብሪካው −10 የሆነ ዓሣ ቢጭን፣ ማሽኑ −20 ተብሎ ቢሞላም ካርቶኑ መሐል ያለው ፊሌቶ ለብዙ ቀን −20 አያይም። የበር ማሳያው የሚነግረን ስለ አየሩ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን የሙቀት መቅረጫ እንከትታለን። አንዱን ማሽኑ አጠገብ፣ አንዱን በሩ ጋ። ቶሎ የሚሞቀው የበሩ ወገን ነው። መቅረጫው የሚያወጣውን የሙቀት መስመር ሥዕል ማንበብ ይለመዳል። በየተወሰነ ሰዓት ብቅ እያሉ የሚጠፉ ትንንሽ ሾሎች የማሽኑ በረዶ ማራገፊያ ናቸው፣ አያስፈሩም። የሚያስፈራው አንድ ሰፊ ጉብታ ነው። ቀስ ብሎ የወጣ፣ ቀስ ብሎ የወረደ። ያ ማለት የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው መሰኪያውን ነቅሎ ሄዷል።

በአንድ ሐምሌ እንዲህ ያለ ሥዕል አጋጠመኝ። በሩ ሲከፈት ማሳያው −20 ይላል፣ ማኅተሙ ደህና ነው፣ ሹፌሩ ለመሄድ ቸኩሏል። በሩ ጋ ያለው የመጀመሪያ ፓሌት የታችኛው ካርቶን ጥጉ ለስልሶ ተጨፍልቋል። በረዶ ሆኖ የመጣ ካርቶን ጥጉ አይለሰልስም። ከረጢቱን ሳወጣ ፊሌቶዎቹ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ መሐላቸው ነጭ በረዶ ተጋግሯል። አንዱን በሰርሳሪ በስቼ ቴርሞሜትሩን ከተትኩ። −17። አሁን ደህና ነው ማለት ነው። ትናንት ግን አልነበረም። መቅረጫውን ሳወርደው ጉብታው ተቀምጧል። ከመርከብ ከወረደ በኋላ ከግማሽ ቀን በላይ ኃይል ሳያገኝ ቆይቶ የበሩ ወገን አየር እስከ −4 ወጥቷል። ከዚያ ተሰክቷል፣ ተመልሶ ቀዝቅዟል፣ ደህና መስሎ መጥቷል።

ማነው የነቀለው? የመርከብ ድርጅቱ የጉዞ መዝገቡን ላከ፤ እስከ ወደብ ንጹሕ ነው። የኮንቴይነር ማቆያ ግቢው ሰክተን ነበር አለ። የጭነት መኪና ድርጅቱ የወሰድነው ቀዝቅዞ ነው አለ። ሁሉም የየራሱ ወረቀት አለው። ጉብታው የተቀመጠው በሁለት ወረቀቶች መሐል፣ ማንም ባልፈረመበት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ሥራ ያየሁት ብልሽት አብዛኛው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚደርሰው። አንዱ አስረክቤያለሁ ብሎ፣ ሌላው ገና አልተቀበልኩም ብሎ በሚቆምበት ሰዓት ውስጥ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የባሕር ጭነት ሕግ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ለአጓጓዡ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መነገር አለበት። ክስ ካለ በ1 ዓመት ውስጥ ነው። አስቀድሞ ከፍ ያለ ዋጋ ካልተመዘገበ በቀር ኃላፊነቱ በአንድ ጥቅል 500 ዶላር ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሹፌሩን ደረሰኝ «ደህና ተቀብያለሁ» ብዬ አልፈረምኩም። ያየሁትን ጻፍኩበት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ደብዳቤውን በዚያው ቀን ላክሁ፣ ገለልተኛ መርማሪ አስጠራን። ማሽኑ ጋ ያለው መቅረጫ ከ−15 አልወጣም ነበር። የፊቱ ፓሌቶች ተመርምረው አለፉ። የበሩ ወገን ተወገደ።

በዚያ ሳምንት ለሠርግ ድግስ ትእዛዝ የተቀበሉ የምግብ ቤት ባለቤት ደወሉልኝ። ከዚያው ጭነት ይጠብቁ ነበር።

«ልጄ፣ ትንሽ ቢላላ ምን አለበት? ዛሬውኑ ጠብሼ እጨርሰዋለሁ።»

«እትዬ፣ መቼና ምን ያህል እንደላላ እኔም አላውቅም። ለማላውቀው ነገር ሰርገኛ አላበላም። ከሌላ አከፋፋይ አፈላልጌ ዛሬ ማታ እደውልልዎታለሁ።»

ተቆጡ። ደግሞም ልክ ናቸው፣ ቀብድ ተቀብለዋል። በነጋታው ከሌላ ቦታ ተገኘ፣ በውድ። ልዩነቱን ድርጅቱ እንዲሸፍን ተከራከርኩ፣ ሸፈነ። ዓሣ አስመጪ የሚለው ስም እዚህ ጋ ካልሠራ የት ይሠራል?

ማንም ሳያጠፋ የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የቀይ ባሕር ጥቃት ሲጀመር ከእስያ የሚመጡ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ መዞር ጀመሩ። ማርች 26 ቀን 2024 ባልቲሞር የሚገኘው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ወደቀ። 6 ሠራተኞች ሞቱ። ወደቡ ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ኖርፎክና ወደ ኒውዮርክ ተበተነ። ኃይል እስካልተቋረጠ ድረስ መዘግየት ብቻውን በረዶ ዓሣን አይገድለውም። ሠልፉ ግን ይገድለዋል። ኮንቴይነሩ በተጠራቀመ ቁጥር መሰኪያው ያንሳል። የማሽን ጄኔሬተር ያለው ሻሲ፣ ኮንቴይነሩን የሚሸከመው ተጎታች፣ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትራንዚተሩን የምጠይቀው መቼ ይደርሳል ብዬ አይደለም፤ አሁን የት ነው የተሰካው፣ ማን አየው ብዬ ነው።

አንድ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ በጅቡቲ በኩል ፊሌቶ ብናስገባስ ብሎኝ ነበር። ይቻላል። ግን መንገዱን በዓይነ ኅሊናው እንዲያየው ነገርኩት። ጅቡቲ በሐሩር ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ ረጅም ጉዞ ነው። ሪፈሩን የጫነው መኪና የራሱ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ሹፌሩም በየማደሪያው የሚያየው ቁጥር። ፈቃዱ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት መያዝ አለበት። ፈቃድ የሚጠብቅ ኮንቴይነር ፀሐይ ላይ ነው የሚጠብቀው።

ከዚያ የሚሰማኝን ነገርኩት። ጫሞ ሐይቅ ላይ ነጭ ሥጋ ያለው ናይል ፐርች አለን። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚጎድለው በረዶ ነው። ጀልባው ላይ በረዶ፣ ማረፊያው ላይ በረዶ፣ መኪናው ላይ በረዶ። እዚያው ናይል ፐርች ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ምን እንዳሳየ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በሳልሞኔላ፣ በኮሌራና በፀረ ተባይ መርዝ ስጋት የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን ዓሣ ደጋግሞ አገደ። ፋብሪካዎች ሥራ ፈቱ። አገሮቹ ወደ ገበያው የተመለሱት የማረፊያ ቦታቸውን፣ ላቦራቶሪያቸውንና የቁጥጥር መሥሪያ ቤታቸውን አስተካክለው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከጅቡቲ ኮንቴይነር በፊት አርባ ምንጭ ላይ የበረዶ ማምረቻ ቢያስብ ደስ ይለኛል። የአክስቴ ልጅ እያሰበበት ነው።

እኔ ጋ ደግሞ የሚያሳስበኝ የመጨረሻዋ መንገድ ናት። ሁሉም ነገር በደንብ መጥቶ ከመጋዘናችን ሱቅ እስኪደርስ። ደንበኛ በራሱ መኪና ይመጣል፣ ካርቶኑን ሻንጣ ውስጥ ይከታል፣ መንገድ ላይ ሁለት ጉዳይ አለው። በጋ ላይ በረዶ ሳጥን ላልያዘ ሰው አልጭንም ማለት ጀምረናል። አንዳንዱ ተቀይሟል። ሱቅ ውስጥም ፍሪዘሩ ከመስመሩ በላይ ተሞልቶ ከላይ ያለው ከረጢት ላብ ሲያወጣ አያለሁ። እባካችሁ፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ዓሣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም።

ቤታችሁ ለምትወስዱትም አንድ ነገር። አየሩ ተመጦ በወጣለት ላስቲክ የታሸገ ፊሌቶን እንደታሸገ አታቅልጡት። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ይመቸዋል፤ ዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነት ደግሞ ከ3 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ማለትም ፍሪጅ ውስጥም ሊያድግ ይችላል። በረዶ እንደሆነ ላስቲኩን በመቀስ ቅደዱት፣ ዓሣውን ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሸፍኑትና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።